ሦስት ነፍስ በመተማ ኬላ

ሀብትነሽ ወረቀቷን ከሩቅ ነው ያወቀቻት። ከደብተር የተገነጠለች ግማሽ ገጽ ናት፤ ኬላው በረንዳ ላይ፣ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ፣ ንፋስ እንዳይወስዳት የሲጋራ መተርኮሻ ተጭኖባታል። የገዛ እጅ ጽሑፉን ደግሞ ማን ይስታል? ቁጥሮቿ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ ቢቆጣት ቢቆጣት ያልተዋት አመል ነው።

ወረቀቷ የተገኘችው ዋሲላ ዘንድ ነው። ዋሲላ ከወዲያ ማዶ ከሱዳኗ ገላባት ሳሙናና ጨርቅ እያሻገረች መተማ ላይ የምትሸጥ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ያን ቀን ጠዋት ወታደሩ የሳሙና ካርቶኗን ሲያገላብጥ ወረቀቷ ዱብ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረግጧት ባለፈ። ያ ሳምንት ግን ክፉ ሳምንት ነበር። በቋራ በኩል አንድ የጦር መኪና ተቃጥሎ፣ ጓድ ደሞዝ የሚባል መርማሪ "እዚህ ወሬ አቀባይ አለ" ብሎ ኬላውን ሊያበጥር ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወረቀቷ ደግሞ የምትለው ይህን ነው፦

"ሐሙስ። ከርከዴ 96። ሰሊጥ 131። ዚር 204። ድምር 431።"

እስቲ አሁን ይህን አንብቦ ክፉ የማያስብ መርማሪ ከየት ይመጣል? ያውም በ1980 ዓመተ ምሕረት፣ ያውም ጠረፍ ላይ!

"አራት መቶ ሠላሳ አንድ ምን?" አለ ጓድ ደሞዝ። "ሰው ነው? ጥይት ነው? ዚር የምትሉት የትኛውን ሠፈር ነው?"

ዋሲላ ዝም። በጥፊ አላት። አሁንም ዝም።

"ግድ የለም፤ ነገ ጠዋት ጎንደር ትሄጃለሽ። እዚያ አፍ የሚያስከፍቱ አሉ።"

ሀብትነሽ ይህን ሁሉ የሰማችው ከሴቶች መፈተሻ ጎጆዋ በር ላይ ቆማ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ያልቃል። አንድ ቃል ብትናገር ደግሞ እሷ ታልቃለች።

ሀብትነሽን ኬላውን የሚያልፍ ሴት ሁሉ ያውቃታል፤ የሚወዳት ግን አልነበረም። የጭልጋ ልጅ ናት። ባሏ ለሚሊሽያ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ የመጣላት አንድ የመርዶ ደብዳቤ ብቻ ነው። ቀበሌው የሟች ሚስት ናት ብሎ በሴት ፈታሽነት አስቀጠራት። በዚያች ደመወዝ ጎንደር ዘመድ ቤት አስቀምጣ የምታስተምራት አንድ ልጅ አለቻት፤ ውባንች፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ለራሷ የምትፈራው ነገር የላትም። ለውባንች ግን ቁጭ ብላም ተኝታም ትፈራለች። ዕቃ ቢያመልጠኝስ? አንዷ ብታታልለኝና ብባረርስ? ይህ ሁሉ ፍርሃት እጇ ላይ ይወጣ ነበር። ታመናጭቃለች፣ መቀነት ትፈታለች፣ የሴት ሹሩባ ሳይቀር ትበትናለች። ሴቶቹ "እሾህ እጅ" ይሏታል፤ በፊቷ አይሏትም እንጂ።

ያቺ መጫወቻ ባትመጣ ኖሮ እሾህ እጅ እንደተባለች ትቀር ነበር።

ኅዳር ላይ ነው፤ አንድ መንገደኛ የፍተሻ ተራው ሲደርስ ሻንጣውን ወርውሮ በደረቁ ወንዝ ወደ ገላባት ፈረጠጠ። ሻንጣው ውስጥ ያለው ሁሉ ተመዝግቦ ግምጃ ቤት ገባ። ከሻንጣው ገበር ሥር የነበረች፣ መዳፍ የምታክል ግራጫ ዕቃ ግን ሀብትነሽ እጅ የገባችው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። መስተዋቷ ላይ ሰዓት ይታያል። የሰዓት ዓይነት ናት ብላ፣ ነገ አስመዘግባታለሁ ብላ ጎጆዋ ውስጥ አኖረቻት። ነገ መጣ፣ ረሳችው። በማግስቱ ቀትር ላይ ዕቃዋ ካለችበት "ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!" አትልም! ሀብትነሽ ቦምብ ነው ብላ ድስት ደፋችባት። ድስት ቦምብ ሊያቆምላት! መጮህ አትችል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ነው። ለፍተሻ የገባችው ዋሲላ ናት ድስቱን አንስታ እንባዋ እስኪወርድ የሳቀችው።

"ኧረ እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ናት! ገዳሪፍ የሀብታም ልጆች እጅ ላይ አይቻታለሁ።"

ቁልፏን ስትጫናት መስተዋቷ ላይ የተሰበረ ድልድይ ታየ። ከድልድዩ ትንንሽ ጥቁር ሰዎች ይወድቃሉ። ከታች አንዲት ጀልባ አለች፤ በቀኝና በግራ ቁልፍ እየነዷት የሚወድቁትን መቀበል ነው። አንድ ሰው በዳነ ቁጥር "ጢጥ" ትልና አንድ ትቆጥራለች። ሦስት ሰው ውሃ ከገባ አለቀ።

"ሦስት ነፍስ አላት ማለት ነው" አለች ዋሲላ።

ስህተቱ እዚህ ላይ መጣ፤ ስህተት ከተባለ። ሦስት ነፍስ ካላት ለሦስት ሰው ናት እንጂ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ነፍስ ምን ይሠራለታል? አረሙም አጨዳውም በወንፈል በሚሠራበት አገር ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል! አንዷ አንድ ነፍስ ይዛ ትጫወታለች፤ ሰው ሲያመልጣት ለሚቀጥለው ታቀብላለች። ሰው ሲወድቅ ጨዋታው ትንሽ ትንፋሽ ስለሚሰጥ ለማቀበል ይበቃል። ሦስተኛ አጡ፤ እማ መስቱራን ጨመሩ። እማ መስቱራ ከኬላው ፊት ለፊት በሸራ ጥላ ሥር ሻይና ከርከዴ የሚሸጡ፣ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ "ይቺ የሰይጣን መስተዋት!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በሳምንቱ ከሦስቱ ሁሉ በላጭ ሆነው አረፉት።

ቀትር ላይ፣ ኬላው በሙቀት ተዘግቶ ወንዱ ሁሉ ጥላ ሥር ሲዘረር፣ ሴቶቹ መፈተሻ ጎጆ ይሰበሰባሉ። ወንድ አይገባበት፣ ማን ያያቸዋል? ለመሻገር ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ከበው ያያሉ፤ "ተቀበያት! ተቀበያት! ወይኔ ገባች!" እያሉ። የመተማ ሙቀት ሲበረታ መስተዋቷ ትጠቁርና ምንም አይታይባትም። ያኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሱዳኖቹ ዚር ከሚሉት ትልቁ የውሃ ጋን ጥግ ያሳርፏታል፤ ጨዋታው እስኪመለስ ወሬ ነው። ሀብትነሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውነታቸውን ስትዳብስ የኖረችውን ሴቶች ስም ያወቀችው በዚያ ወሬ ላይ ነው። ባሏ የጠፋባት ማን እንደሆነች፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንዳስወረዳት፣ ሁሉን።

ዋሲላን ያወቀቻት ግን በጨዋታው ነው። ዋሲላ ሰው የሚያመልጣት ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር። "ምነው አንቺ ልጅ፣ ተኝተሻል?" እያለች ሀብትነሽ ትቆጣታለች። አንድ ቀን ከጎኗ ቁጭ ብላ ሳታቋርጥ አየቻት። ልጅቱ ለግራው አንገቷን ታዞራለች፤ እስክታዞር ሰውዬው ውሃ ውስጥ ነው።

"በግራሽ አታይም?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ" አለች ዋሲላ፤ ተሸማቀቀች።

ሀብትነሽ አፈረች፤ እንዴት አትፈር! ስንት ጊዜ በግራዋ መጥታ በድንገት ጨብጣታለች፤ ስንት ጊዜ "ምን ደብቀሽ ነው የምትደነግጪው?" ብላ አመናጭቃታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በጨዋታው ላይ "ግራ!" እያለች ትጠራላታለች፤ ስትፈትሻትም በቀኟ ትቆማለች። ቀስ በቀስ የሌሎቹንም መቀነት "ፍቺልኝ እስቲ" ማለት ጀመረች። እሾህ እጅ የሚለው ስም መቼ እንደቀረ ያስታወሰ የለም።

ያዳኑትን ቁጥር ወረቀት ላይ የምታሰፍረው እሷ ናት። መስቱራ "በዚህ ዘመን የሰው ስም ወረቀት ላይ አይወጣም" ስላሉ ቅጽል ተሰጣጡ። ዋሲላ ከርከዴ፣ ሀብትነሽ ሰሊጥ፣ መስቱራ ዚር። ሐሙስ ዕለት አራት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው አዳኑ፤ እንዲህ ያለ ሆኖ አያውቅም። ዋሲላ "ለእናቴ ላሳያት" ብላ ወረቀቷን ለምና ወሰደች። ይኸው ነው እንግዲህ ወንጀሉ።

"ሀብትነሽ!" ብሎ ጓድ ደሞዝ ሲጠራት ከበሩ ሮጣ ቀረበች። "ይቺን ሴት ጎጆ አስገብተሽ በደንብ ፈትሻት። ቀሚሷን ሳይቀር። ሌላ ወረቀት አይጠፋትም።"

ጎጆው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። የዋሲላ ግራ ጉንጭ አብጧል።

"አልተናገርኩም እትዬ" አለች በሹክሹክታ። "አንቺም እንዳትናገሪ። ውባንችን አስቢ።"

ውጭ ወታደሩ ስለቆመ ሀብትነሽ ለይስሙላ መፈተሽ ጀመረች። እጇ የዋሲላ ደረት ላይ ሲደርስ ቀሚሱ ርሷል። ላብ መሰላት። ላብ አልነበረም። ዋሲላ የአሥር ወር ልጇን ገላባት እናቷ ዘንድ ጥላት ነው የምትመጣው፤ ሌላ ቀን በአምስት ሰዓት ተመልሳ አጥብታት ነው ለቀትሩ ጨዋታ የምትደርሰው። አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል።

"ወተቴ ነው" አለች ዋሲላ። ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች።

ሀብትነሽ እርጥብ መዳፏን እያየች ቆመች። ነገ ጎንደር ከሄደች መቼ ትመለሳለች? የሄዱት መቼ ተመለሱ? ውባንች በዓይኗ መጣችባት፤ ደብተሯን ታቅፋ፣ ዘመድ ቤት ደጃፍ ላይ። እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ባሏ የሞተ ጊዜም እንዲህ አልፈራችም። በዚያው ፍርሃቷ ዋሲላን እጇን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

"ጓድ ደሞዝ፣ ወረቀቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ?"

"የእኔ ጽሕፈት ናት። ሰሊጥ የሚለው እኔ ነኝ። የጨዋታ ቁጥር ነው።"

ሰውዬው ብዕርና ወረቀት ገፋላት። "ጻፊ። አራት መቶ ሠላሳ አንድ።" ጻፈች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። ያው ያዘነበለ ቁጥር ነው።

"የምን ጨዋታ?"

ከጎጆዋ አመጣችለት። እርጥቡን ጨርቅ ስትገልጠው "ጢጥ" ስትል ጓድ ደሞዝ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። "ውጪ! ከዚህ አውጡት!" ወታደሩ ዕቃዋን በጣቱ ጫፍ ይዞ ግቢው መሃል ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ሮጦ ተመለሰ። ፈንጂ የሚያውቅ አሥር አለቃ ከጦር ሠፈሩ ተጠርቶ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሞላ። በሚያዝያ ፀሐይ! አሥር አለቃው በእንጨት ነካካት፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ "ባትሪ ናት ጓድ፣ ሌላ የለባትም" ብሎ አመጣት። መስተዋቷ ግን እንደ ቀለም ጠቁራ ነበር።

"የታለ ጨዋታሽ?"

"ሙቀት ነው ጓድ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ላቀዝቅዛት፤ ትመለሳለች።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሻይ እስኪጠጡ ድረስ።"

ከልቡ ይሁን ከድካሙ እንጃ፣ ሻይ አዘዘ። ሻዩን ይዘው የመጡት መስቱራ ናቸው፤ ከሳቸው ሌላ ሻይ የሚሸጥ የት አለ! ብርጭቆውን አኑረው ትሪያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው እዚያው ቀሩ። ማንም ሂጂ አላላቸውም። ሀብትነሽ ጨርቁን እየገለጠች ታያለች፤ ጥቁር። እንደገና ታያለች፤ ጥቁር። ብትበላሽስ? በፀሐይ ተቃጥላ ከሆነስ? ብርጭቆው ግማሽ ደርሷል። ሦስተኛ ስትገልጠው የድልድዩ ጫፍ ብቅ አለ።

ጓድ ደሞዝ ተቀብሎ ገልበጥበጥ አደረጋት። ምንም አልገባውም።

"እሺ። አራት መቶ ሠላሳ አንድ አምጪ። ካመጣሽ ጨዋታ ነው እላለሁ። ካላመጣሽ ሁለታችሁም ጎንደር።"

ሀብትነሽ ጀመረች። አንዱን ስትይዝ ሌላው ሊያመልጣት ለጥቂት ይተርፋል። ሰማንያ ስምንት ላይ አንዱ ውሃ ገባ። ወዲያው ዞራ ዕቃዋን ለዋሲላ አቀበለች።

"ወዴት ነው?" አለ ጓድ ደሞዝ።

"ይህኛው ነፍስ የእሷ ነው።"

ዋሲላ ያዘቻት። ሀብትነሽ በግራዋ ቆመች። "ግራ!" አለች። "ግራ! ግራ!"

"ምንድን ነው የምትነግሪያት? የምን ምልክት ነው?"

"ግራ ዓይኗ አያይም ጓድ።"

ሰውዬው ዋሲላን ቀና ብሎ አየ። በጥፊ የመታት በዚያው በኩል ነው፤ እጁ ሲመጣ እንኳ ያልሸሸችው ለዚህ ኖሯል። ሲጋራውን አጠፋ። "ግራ!" አለች ሀብትነሽ፤ ከዚህ ወዲያ አልከለከላትም። ቁጥሩ መቶ ዘጠና አምስት ሲደርስ አንዱ ዋሲላን አመለጣት።

"ዚርስ ማነው?" አለ።

ሁለቱም አቀረቀሩ። እንዴት ብለው ይናገሩ? የስልሳ ዓመት ሴት! ጨዋታው የሰጠው ትንፋሽ አለቀ፤ ከድልድዩ አንዱ መውደቅ ጀመረ። ያን ጊዜ የትሪ ድምፅ ተሰማ። መስቱራ ትሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"አምጪው ልጄ፣ ሰውዬው ውሃ ሊገባ ነው" አሉ፤ ቀሟት።

አቤት መስቱራ! ፊታቸው አይለወጥ፣ ዓይናቸው አይርገበገብ፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ነው የሚሠራ። ሁለት መቶ አለፈ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ። ጓድ ደሞዝ ሳያስበው ወንበሩን አስጠጋ፣ ከዚያ ተነሥቶ በትከሻቸው በላይ ጎንበስ አለ። ወታደሩም መሣሪያውን ግድግዳ አስደግፎ መጣ። አራት መቶ። ሀብትነሽ ቁጥሩን ማየት አቃታትና ዓይኗን ጨፈነች፤ ጢጥታውን ብቻ ትሰማለች። አራት መቶ ሠላሳ ላይ መስቱራ ዕቃዋን አንስተው መርማሪው መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

"አንድ ቀረ። እሷን እርስዎ ይቀበሏት ጌታዬ።"

ሳያስበው ተቀበለ። አንድ ትንሽ ጥቁር ሰው ከድልድዩ በቀኝ በኩል ለቀቀ። ጓድ ደሞዝ ተጣደፈ፣ ግራውን ተጫነ። ሰውዬው ውሃ ገባ።

"ወይኔ!" አለ።

ከልቡ ነው ያለው፤ ሁሉም ሰሙት። እነዚያ ጎጆ ውስጥ ከበው የሚያዩ ሴቶች መጀመሪያ ቀን የሚሏትን ያችኑ "ወይኔ"። ፊቱ ቀላ፤ ዕቃዋን እንደ ፍም ጠረጴዛው ላይ ጣላት።

"ጨዋታ ነው" አለ በመጨረሻ።

ዋሲላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሀብትነሽም ትንፋሿን ልትለቅ ስትል ሰውዬው ቀጠለ።

"ግን ለጎንደር በሬዲዮ አስታውቄአለሁ። ነገ አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ። የተያዘ የመንግሥት ንብረት ሳያስመዘግብ አምስት ወር የደበቀ ማነው?" ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለበትም፤ ያ ነው የባሰ ያስፈራ።

"እኔ ነኝ" አለች ሀብትነሽ።

ዋሲላ እግሯ ላይ ተጠመጠመች፤ አልሄድም አለች፣ እኔ ልሂድ አለች። ሀብትነሽ በድሮው የመፈተሻ ድምፅዋ ጮኸችባት፤ "ተነሽ! ሂጂ ልጅሽን አጥቢ! አሁን ሂጂ ብያለሁ!" ዋሲላ ሳሙናዋን እንኳ ሳታነሳ በወንዙ በኩል ሮጠች። መስቱራ የሀብትነሽን ጆሮ ተጠግተው "የውባንችን ነገር ለእኔ ተይው" አሏት። እንዴት አድርገው? በምን ገንዘብ? አልጠየቀቻቸውም፤ ብትጠይቅ ልትጮህ ነው።

ስምንት ወር ታስራ እንደምትወጣ ያን ጊዜ ማን ይንገራት! ሁለት ዓመትም አሥር ዓመትም መስሏታል። በነጋታው ጠዋት ማሽላ በጫነ መኪና ላይ፣ በጆንያዎቹ መሃል ተቀመጠች፤ አጃቢዋ አንድ ጎረምሳ ወታደር ነው። የኮኪትን መንደር አለፉ። ከዚያ ወታደሩ አላስችል አለው።

"እትዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

ሀብትነሽ ወደ መንገዱ ዞረች። ብትዋሸው ደስ ባላት፤ የሚያስከብር ወንጀል ግን አልመጣላትም።

"ተጫውቼ" አለችው።

ወታደሩ የቀለደችበት መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን አቋረጠ።